ጎን ለጎን አራት ቤት

ሽማግሌውን ያገኟቸው ሰኞ ጠዋት ለሥራ የገቡ ግንበኞች ናቸው። ቤቱ ገና በርና መስኮት አልተገጠመለትም፤ ግድግዳው ልስን አላየም፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃም መደገፊያ የለውም። ሽማግሌው ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ባርኔጣቸው ጎናቸው ተቀምጧል። አንደኛው ግንበኛ እንቅልፍ የጣላቸው መስሎት፣ «አባባ፣ እዚህ እኮ አይተኛም፣ ብርድ ይመታዎታል» ብሎ ትከሻቸውን ነካ አደረገ። እጁን መልሶ የሰበሰበው እሳት እንደነካው ሰው ነበር።

መርማሪው ሲደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሳጅኗ አስከሬኑ ላይ የተጣለውን ሸራ ገለጥ አደረገችለት። ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ቀና ማለት አቃተው።

«ምነው?» አለች ሳጅኗ። ለብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ሬሳ አይቶ እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

«አውቃቸዋለሁ» አለ። «ጋሼ ሞገድ ናቸው።»

በልጅነቱ ሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ጠባቧ ሱቃቸው ውስጥ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ በየመደርደሪያው ተዘርግፎ፣ ከሁሉም መሃል አንዱ ብቻ ዘወትር ሲያወራ ይውላል። ኳስ ያለ ዕለት ሰፈርተኛው በሙሉ በራቸው ላይ ይኮለኮላል። ድምፁ ድንገት እልም ሲል ሁሉም ባንድ አፍ «ጋሼ፣ ሞገዱ!» ብሎ ይጮኻል። እሳቸው ተረጋግተው ሽቦዋን ጠምዘዝ ያደርጋሉ፤ ጎሉ ግን ያኔ ገብቶ አልቋል። ስሙ በዚያው ጸናባቸው። እሳቸው ደግሞ በፋንታቸው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስም አወጡ። መርማሪውን «ቆቁ» አሉት፤ የእናቱን ኮቴ ከማንም ቀድሞ ሰምቶ ስለሚሰወር።

ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ሰፊ መንገድ አልፎበታል። ነዋሪው ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ በየአቅጣጫው ተበትኗል።

ሳጅኗ ደረጃውን ወጥታ ተመለሰች። ሱሪዋን እያራገፈች፣ «ላይ የወጣ ሰው የለም» አለች። «የሲሚንቶ አቧራው እንደ ዱቄት ተነጥፏል። ያረፈበት የኔ ጫማ ብቻ ነው።»

«ካልወጡ አልወደቁም።»

«ከዚህ አልወደቁም።»

መርማሪው የሽማግሌውን ኮሌታ በጣቱ ገለጥ አደረገው። አንገታቸው ሥር የተጣበቁ የሣር ቅጠሎች አገኘ፤ አረንጓዴያቸው ገና አልጠፋም። ወደ ውጭ ተመለከተ። እስከ አጥሩ ድረስ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ፍየል የምትነጨው ሣር እንኳ የለም።

«አምጥተዋቸው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

* * *

የቤቶቹ ሽያጭ ኃላፊ ጸዳ ያለ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ መሃል እንኳ የሚያበራ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ጎልማሳ ነው። ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ይኸን ነበር የምፈራው» አለ። «እባክዎ ብቻዎን እዚህ አይግቡ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። እሁድ በዚህ በኩል ሥራ የለም፣ ሰው የለም።»

«ምን ሊያደርጉ ነበር የሚመጡት?»

«ቤት ሊገዙ ነዋ! እኛ የምንሸጠው በሦስት መንገድ ነው። አለቀለት የሚባለው አለ፤ ቁልፍ ተቀብለው አልጋዎን ዘርግተው የሚተኙበት። ገና ያልተጀመረ አለ፤ ፕላኑን አይተው፣ ተዋውለው፣ እስኪሠራ የሚጠብቁት። ሦስተኛው እንደዚህኛው ነው። ግድግዳና ጣሪያው ይቆምልዎታል፣ ውስጡን እንደ ፍላጎትዎ ራስዎ ይጨርሱታል። ሽማግሌው ከዚህኛው ሌላ አልሰማ አሉ። እንዲያውም አራት፣ ጎን ለጎን! ለድሮ ጎረቤቶቼ ይላሉ።»

«ትናንት አይተዋቸዋል?»

«ከቀትር በፊት ሲገቡ፣ ከሩቅ። እኔ ከምሳ ሰዓት በኋላ እስክንዘጋ ማሳያው ቤት ውስጥ ከደንበኛ ጋር ነበርኩ። እሁድ ለኛ ፋታ የለውም፤ ደንበኞቹን መጠየቅ ይችላሉ።»

የበሩ ጥበቃም ይህንኑ መሰከረ። ሽማግሌው ሰላም ብለውት ገብተዋል፤ ሲወጡ አላያቸውም። ግን ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲተራመስ ነው የዋለው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ሊምል አይችልም።

ማሳያው ቤት በግቢው ሌላኛው ዳር ነው። ከፊቱ ለምለም ሣር ተነጥፏል። መርማሪው ሣሩን ሲያይ ሻጩ ቀደመው፤ «ትናንት የደንበኞች ልጆች ሲንከባለሉበት ነው የዋሉት» አለ። «ሽማግሌውም አረፍ ማለት ይወዱ ነበር፣ እዚሁ ከዛፉ ጥላ ሥር።»

ወደ ውስጥ አስገባው። ወጥ ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ መሳቢያው በጣት ሲገፋ ያለ ድምፅ ይዘጋል። አልጋው ተነጥፎ፣ ትራሱ ቆሞ፣ ማንም ያልኖረበት ቤት ሰው የሚጠብቅ መስሎ ተሰናድቷል። መርማሪው ሚስቱን አሰበ። ጡረታው ሳይደርስ ቤት ለመግዛት ወስነው ነበር። እሱ ያላለቀውን ገዝቶ፣ በትርፍ ሰዓቱ ምስማር እየመታ፣ ሰድር እየለጠፈ መጨረስ ይመኛል። ሚስቱ «አንተ እንዳልክ» ብላለች።

ፎቁ ላይ ወደ በረንዳው ሲወጣ የቀለም ሽታ አፍንጫውን መታው። የመደገፊያው ብረት ንጣቱ ያጥበረብራል። ከዚያ ላይ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። የድሮ ሰፈሩ የት ላይ እንደነበር ለማየት አንገቱን ወደ ውጭ ሰገግ ሲያደርግ ሻጩ ክንዱን አፈፍ አደረገው።

«ይጠንቀቁ! ቀለሙ ልብስዎን እንዳያበላሽ። ቅዳሜ ነው የተቀባው።»

ወዲያው ከሐኪሙ ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው የሞቱት እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድም ነው፤ ከኋላ ጭንቅላታቸው ተመትቷል። በዚያ ሰዓት ሻጩ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ወጥ ቤቱን እያስጎበኘ እንደነበር ሳጅኗ አባወራውን ደውላ አረጋገጠች።

«እሱስ ነፃ ወጣ» አለች።

* * *

ልብስ ሰፊዋ ያረጀ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አቁማ አገኛት። በሰፈሩ ዘመን ከጋሼ ሞገድ ሱቅ ማዶ ነበር ቤቷ። የልጆቹን ሁሉ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ሲያድጉም እጥፉን እየፈታች የምታስረዝመው እሷ።

«ቆቁ፣ አንተ ነህ?» አለችው። «ወፍረሃል። ና፣ ተቀመጥ።» ከዚያ ፊቱን አየችና እጇ መኪናው ላይ ደረቀ። «ሞገድ ምን ሆኖ ነው?»

ነገራት። ከመርፌው ሥር የነበረውን ጨርቅ አውጥታ ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግሞ አጠፈችው። ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ቆየች።

«እትዬ» አለ መርማሪው፣ «የቤቱን ነገር ይንገሩኝ።»

«የቤቱ ነገር…» አለችና በረጅሙ ተነፈሰች። «አራት ቤት ጎን ለጎን። አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሹፌሩ ለፍሬን። ያለቀ ቤት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው ይለኝ ነበር። ያላለቀውን እንግዛና በልካችን እንጨርሰው ይላል። በኔ ቋንቋ እኮ ነው የሚያባብለኝ። ለጉልበቴ ብሎ ምድር ቤት መኝታ ሊያወጣልኝ ነበር። ለፍሬን የመኪና ማቆሚያ፤ መኪና የለውም እኮ፣ ቆሞ ያየዋል ብሎ።» ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሁላችሁም ተስማምታችሁ ነበር?»

«እንዴት እንቢ ይባላል? ስለዚያ ሰፈር ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም?»

ያውቃል። ሳያስበው እሱም ፈገግ ብሏል።

«እሁድ የት ዋሉ?»

«የት እሄዳለሁ? ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ሲመጣ በር አያንኳኳም፣ መስኮቱን ነው ቆርቆር የሚያደርገው። አልቆረቆረም።»

* * *

የሟቹ ልጅ ነርስ ናት። አባቷን የምትጦረው እሷ ነበረች። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ግን ሳይሰበር ተቀበለቻቸው።

«እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች። «ማታ ስመጣ ቤት አልነበረም። እትዬ ጋ አምሽቶ ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ተኛሁ እኮ!»

መርማሪው አልተጫናት። ሳጅኗ ግን በመመለሻቸው ሆስፒታሉ ጎራ ብላ ወጣች።

«እሁድ ተረኛ አልነበረችም» አለች መኪና ውስጥ እየገባች። «ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራለች። ለምን እንደሆነ ደግሞ ለጓደኛዋም አልነገረቻትም።»

መርማሪው ሞተሩን ሳያስነሳ ትንሽ ቆየ። ያቺን ልጅ አባቷ በትከሻቸው ተሸክመዋት፣ አንቴና እንድትይዝላቸው ጣሪያ ላይ ሲያወጧት ያስታውሳል። «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ! አዎ፣ እዚያው ቁሚ፣ እንዳትተነፍሺ!» ኳሱ እስኪያልቅ ቆማ ትቀር ነበር።

ጋሼ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ፍሬን ሲይዙ ተሳፋሪው ሁሉ አዲስ ጎረቤት ስለሚያፈራ ነው ስሙ። አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው፤ ቤቱም ሣር ያለው ግቢ አለው። መርማሪው ሣሩን አየ፤ ሳጅኗ መርማሪውን።

«እሁድ?» አሉ ጋሼ ፍሬን። «ቤቴ። ተኝቼ።»

ምራታቸው ሻይ ይዛ ገባች። «ኧረ አባባ!» አለች ሳቅ ብላ። «እሁድ እኮ ከረባት አድርገው ነው የወጡት። ማታ ነው የመጡት።»

የጋሼ ፍሬን ፊት ተቀያየረ። ሻዩን ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት።

«ጋሼ» አለ መርማሪው፣ «ነገ ቢሮ ይምጡልኝ።»

* * *

በማግስቱ ጋሼ ፍሬንና ነርሷ ቢሮው ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከዚያ አብረው ገቡ፤ መርማሪውም ለያይቶ ሊጠይቃቸው አልጨከነም።

ገና ሳይቀመጡ ጋሼ ፍሬን፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

ሳጅኗ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ። ቃሌን በልቼ። እሁድ ከልጄ ጋር ሄጄ ያለቀለት ቤት ቁልፍ ተቀበልኩ፤ ከተማው ማዶ። አምስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር ያለው። ከረባት ያደረግኩት ለዚያ ነው። ልጄ አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ ሲሚንቶ ልታቦካ ነው? አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ለሞገድ እንዴት ብዬ ልንገረው? ከነገ ነገ እያልኩ… ያን ዕለት ብቻውን ባይሆን፣ እኔ አብሬው ብሄድ፣ ምን ይሆን ነበር?»

ነርሷ እንደ ፈዘዘች አየቻቸው። «ጋሼ፣ እርስዎም?» አለች።

«እኔም ምን?»

«እኔም እሁድ ተዋውያለሁ። ከእጮኛዬ ጋር። ገና ያልተጀመረ ሕንጻ ላይ። ጉድጓዱ እንኳ አልተቆፈረም። እኛ ወጣት ነን፣ እንጠብቃለን፣ እስኪያልቅ ቀስ ብለን እንከፍላለን አልን። ለአባዬ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል…» አልጨረሰችውም።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ከቀትር በፊት ጀምሮ እስኪመሽ ያዩዋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሳጅኗ ተዟዙራ አረጋገጠች። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ሰዉ ሁሉ ይዋሻል» አለች፤ «ወንጀል ግን የለም። ሁሉም የሚደብቀው የገዛውን ቤት ነው።»

የሐኪሙ ሁለተኛ ስልክ የመጣው ያኔ ነው። መርማሪው ሲያዳምጥ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምን አለ?»

«የሞቱት አመሻሽ ላይ ነው፤ የወደቁት ግን ያኔ አይደለም። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደሙ የተጠራቀመው ቀስ እያለ ነው። ከወደቁ በኋላ ለሰዓታት በሕይወት ነበሩ። የወደቁት ቀትር ላይ ይሆናል አለ። በጊዜ ተደርሶላቸው ሐኪም ዘንድ ቢወሰዱ ይተርፉ ነበር አለ።»

* * *

ያን ማታ ምግቡ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሚስቱ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። የሽማግሌውን ታሪክ ሰኞ ነግሯት ነበር፤ የት እንደተገኙ ግን የነገራት አሁን ነው።

«የትኛው ግቢ?» አለች።

ደግሞ ነገራት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣም?»

«ለምን እቆጣለሁ?»

«እሁድ ከምሳ በኋላ እዚያ ነበርኩ።»

መርማሪው ቀና አለ።

«ያለቀውን ቤት ለማየት ነው የሄድኩት። አንተ ያላለቀውን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ምስማር ስትመታ ደስ እንደሚልህም አውቃለሁ። እኔ ግን ደከመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ነገ ይጠገናል በሚባል ቤት ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ ሁሉ ነገር ያለቀለት ቤት ውስጥ ቆሜ ልየው ብዬ ነው። ልነግርህ ነበር።»

«ማን አስጎበኘሽ?»

«አንድ ልብሱ ያማረ ሰውዬ። ማለቴ፣ ሱሪው ያማረ። ኮት አልለበሰም፤ በሸሚዝ ብቻ ነበር፣ ያልበው ነበር። ወጥ ቤቱን አሳየኝ። በረንዳውንም ልየው ስለው በሩን ቆልፎታል። ቀለሙ አልደረቀም፣ ጠዋት ነው የተቀባው አለኝ።»

«ጠዋት? ለኔ ቅዳሜ ነው ያለኝ።»

«ውሸቱን ነው እኮ! እኔ ቀለም ሲሸተኝ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ፤ ሳስነጥስ ጎረቤት ሁሉ ‹ይማርሽ› ይለኛል። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜም አላስነጠስኩም። የቀለም ሽታ አልነበረም።»

መርማሪው ሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ አፍንጫውን የመታውን ሽታ አስታወሰ። እሁድ ያልነበረ ሽታ ነው። ክንዱን የያዘው የሻጩ እጅም ትዝ አለው፤ አያያዙ ለልብስ የሚሳሳ ሰው አያያዝ አልነበረም።

ፊቱን ያየችው ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ ያን ወጥ ቤት ሳደንቅ፣ ሰውዬው…»

«አላወቅሽም» አላት። እጇን ያዘው። «አላወቅሽም።»

* * *

ጠዋት ሻጩን ማሳያው ቤት በረንዳ ላይ አስወጡት። ሳጅኗ ቢላዋ አውጥታ የመደገፊያው ብረት ግድግዳውን በሚነካበት በኩል ቀለሙን ፋቀችው። ከሥሩ ቀዳዳ የተደፈነበት ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ስትገፋው የድሮው ብሎን የወጣበት ጉድጓድ ገባ ብሎ ታየ፤ ጎኑ አዲስ ብሎን ገብቷል።

«ሰኞ ቅዳሜ ተቀባ አልከኝ» አለ መርማሪው። አንቱታው ቀርቷል። «እሁድ አንዲት ሴት በረንዳውን ልይ ስትልህ ጠዋት ተቀባ አልካት፤ ቀለም ግን አልነበረም። የቀባኸው ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ኮትህስ ያን ዕለት የት ነበር?»

ሻጩ በረንዳው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሱፉ ይቆሽሻል ብሎ አላሰበም።

«ይተነፍሱ ነበር» አለ።

ሳጅኗ ቢላዋዋን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ምሳ ሰዓት ነበር። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ሽማግሌው ከፍ ካለ ቦታ ሰፈራችን ይታያል አሉና እዚህ ወጥተው አንገታቸውን ወደ ውጭ አወጡ፤ በክንዳቸው ብረቱን ተደገፉ። ብረቱ ተነቀለ። ሣሩ ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ሮጬ ስወርድ ዓይናቸው ተገልጦ ነበር። ልክ ያኔ በር ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ደንበኞች! ማሳያው ቤት ሰው ጣለ ከተባለ ማን ይገዛል? ሁሉ ነገር ይዘጋል አልኩ። በሲሚንቶ መግፊያው ጋሪ ወደዚያኛው ቤት ወሰድኳቸው። ኮቴን ከራሳቸው ሥር አደረግኩላቸው። እነዚህን ላስጎብኝና መጥቼ መኪና እጠራለሁ አልኩ። እምላለሁ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ከዚያ ሌሎች መጡ። ከዚያ ሌሎች። ስመለስ ቀዝቅዘዋል።»

«ኮትህን ከራሳቸው ሥር አወጣህ።»

«አወጣሁ» አለ። ይኸን ሲል ነው ያለቀሰው።

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። መርማሪው ግን አንድ ያልገባው ነገር ነበረው።

«እሳቸው የሚፈልጉት ያላለቀውን ነው። እዚህ ቤት ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

ሻጩ ፊቱን በእጁ መዳፍ ጠረገ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አሉኝ። ጓደኞቼ አይመጡም፤ ሊነግሩኝ ግን አንጀታቸው አልቻለም አሉ። ሹፌሩ ከረባት መግዛቱን ሰምቻለሁ፣ ልጄም ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች አሉ፤ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ልቀቃቸው እንጂ፣ አሉ። ስለዚህ ያለቀለት፣ ደረጃ የማይወጣበት፣ ትንሽ ቤት አሳየኝ፤ ለኔና ለምትሰፋው አሉ።»

«ለኔና ለምትሰፋው?»

«እንደዚያ ነው ያሉት። እሷን ገና አልጠየቅኳትም፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው አሉ።»

* * *

ቀብራቸው ብዙ ሰው ነበረው። በየአቅጣጫው የተበተነው ሰፈርተኛ ባንድ ቦታ ሲሰበሰብ ለካ ያን ያህል ነው! እንደ ድሮው ሁሉም በየቅጽል ስሙ ተጠራራ፤ ሸበቶ ሰዎች ‹ሚጢጢ›፣ ‹ጉንጮ› ተባባሉ። ጋሼ ፍሬን የአምስተኛ ፎቁን ቤት ይዘዋል፤ ነርሷም እጮኛዋም ጉድጓዱ እስኪቆፈር ይጠብቃሉ። ከሰፈሩ ሰው ያላለቁትን ቤቶች ጎን ለጎን የገዛ የለም። በመጨረሻ ላይ አራቱም ለየብቻ ለማይተዋወቁ ሰዎች ተሸጡ።

መርማሪው ልብስ ሰፊዋን ቤቷ አድርሷት ነው የነገራት። አቀርቅራ አዳመጠችው።

«ለኔና ለምትሰፋው አለ?»

«እንደዚያ ነው ያሉት፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ ቤቱን ልየው አለ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት።

«አይ ሞገድ!» አለች። «ስንት ዓመት ማዶ ለማዶ ተቀምጠን… ያለቀ፣ ያላለቀ፣ ያልተጀመረ ይላል። ብሎ ብሎ እኔን ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ድንኳንም ቢሆን እገባ ነበር።»

መርማሪው ሻዩን ጠጥቶላት፣ መስኮቱን ዘግቶላት ወጣ። መኪናውን እየነዳ በአዲሱ ሰፊ መንገድ አለፈ፤ የሬዲዮው ሱቅ የት ግድም እንደነበር ለመገመት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከኋላው ጥሩምባ ነፉበት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፍ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ ከፊቷ ቆመ።

«አንቺ» አላት፣ «የምትፈልጊው የትኛውን ቤት ነው? እንዳልኩት ሳይሆን፣ አንቺ የምትፈልጊውን።»

ቀና ብላ አየችው። በእጇ የያዘችውን ሸሚዝ ወደ ጎን አደረገችና ወንበሩን በእግሯ ሳብ አደረገችለት።

«ተቀመጥ» አለችው፣ «ወሬው ረጅም ነው።»